ጥርጣሬ ሲገባን
(በክሊኒኩ ተራ ለሚጠብቁ ባለትዳሮች የተሰጠ ትምህርት)



ልጅን አራርቆ መውለድ የምንለው የተወለደው በሚገባ እንዲያድግ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃት በምን እንደሚታወቅ እነግራችኋለሁ።

«ከነደባ ላይ ወድቆ ነው» ተብሎ ልጅ ሲመጣልን በመጀመሪያ የምናየው የቁስሉን ቦታ ነው። የወደቀ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ግንባሩን፣ ክርኑን ወይም ጉልበቱን ይጎዳል። በጀርባ፣ በጭን ወይም በጆሮ ላይ የታየ ሰንበር፣ የቀበቶ ቅርጽ ያለው ምልክት፣ ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ገላ መበለዝ ግን ያጠራጥራል። ከተወለደ ጀምሮ በወገቡ ላይ ያለ ሰማያዊ ምልክት የተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል ሰው ለመክሰስ አትቸኩሉ። የአደጋው ታሪክ ሲለዋወጥ ወይም ልጁ ያለ ምክንያት ዘግይቶ ወደ ሕክምና ሲመጣ ጥርጣሬው ይጨምራል።

ጥቃት ዱላ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና በደልን፣ ወሲባዊ ጥቃትን፣ ቸልተኝነትንና ብዝበዛን አንድ ላይ አካቷል። በርበሬ ማጠንም፣ ዘወትር እየሰደቡ ማዋረድም ጥቃት ነው።

ድህነትና ቸልተኝነት ግን ይለያያሉ። አጥቶ ያልሰጠ ወላጅ አልበደለም፤ እያለው የነፈገ ግን በድሏል። ከገጠር የመጣችውን የዘመድ ልጅ አስቡ። የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ እርሷ ውኃ ስትቀዳ የምትውል፣ ስትታመም «ይለፍላታል» የምትባል ከሆነ፣ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ማለታችን አያድነንም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 በኃላፊነት የያዘውን ልጅ የሚያንገላታን፣ የሚደበድብን ወይም ከአቅም በላይ የሚያሠራን ሰው ይቀጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ልጁን ለብቻው በእርጋታ ስሙት፤ ደጋግማችሁ አትመርምሩት። ከዚያም ለጤና ባለሙያ፣ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ቢሮ ወይም ለፖሊስ ንገሩ። ለመናገር መጠርጠር ይበቃል፤ ማጣራቱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ልጁ ሳይታጠብ፣ የለበሰው ልብስም ሳይታጠብ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት ከ72 ሰዓት በፊት ነው። በሽማግሌ እንጨርሰው ስንል ሰዓቱ ያልፋል።

በጀጎል ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን ስለምንኖር የልጅ ለቅሶ ይሰማናል። ሰምተን ዝም አንበል።