ሥራ ፈት የተባለው ጋዝ



የጋሸና አየር ከቆላው አየር ይልቅ የሳሳ ነው፤ ሆኖም በሁለቱም ስፍራ አየሩ መቶ እጅ ቢከፈል፥ ከአንድ እጅ ጥቂት የሚያንሰው አርጎን የሚባለው ጋዝ ነው። ይህን ጋዝ ሎርድ ሬይሊና ራምዜ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ገለጡት። ከሌላ ጋራ አልዋሐድ ስላለም በግሪክ ቋንቋ «ሥራ ፈት» ተብሎ ተሰየመ።

ነገር ግን ከአርጎን አቶም አንድ ኤሌክትሮን በኤሌክትሪክ ኃይል ቢወሰድበት፥ አዮን ይሆናል፤ ጠባዩም ይለወጣል። የውሃን ወይም የአሞኒያን ሞሌኪዩል ቢያገኝ ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፤ ሃይድሮጂንን ቢያገኝ አንዱን አቶም ወስዶ ከእርሱ ጋራ ይጣመራል። የሂሊየም አዮንማ ከዚህ ይበረታል፤ የውሃን ሞሌኪዩል እስከ መሰባበር ይደርሳል።

ይህም በሰማይ ታይቷል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1054 ዓ.ም. ፈንድቶ በታየው ኮከብ ፍርስራሽ ውስጥ አርጎን ከሃይድሮጂን ጋራ ተጣምሮ መገኘቱ በዚያው አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ታወቀ፤ ያየውም ሄርሸል የተባለው በጠፈር የነበረ መነጽር ነው።

ስለዚህ መምህር «አርጎን ከማንም አይዋሐድም» ብሎ ቢያቆም ትምህርቱ ጐደሎ ይሆናል። «ኤሌክትሮኑ ሙሉ ሳለ በተራው አየር ውስጥ አይዋሐድም፤ አንዱ ሲጐድልበት ግን ይዋሐዳል» ብሎ ቢያስረዳ፥ ልጁ ቃሉን ከነምክንያቱ ይይዛል።