ቦይ የሚወስደው አፈር
(በየካ፣ ሾላ ገበያ አካባቢ ለመንግሥት የሥራ ኃላፊዎችና ለዕርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)




ድርቅ ያፈናቀለውን ወገን መልሶ ለማቋቋም ሲታሰብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ውኃ ያለበት መሬት የት ይገኛል?» የሚል ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ወደ ረግረግ ያመራል። ዛሬ የምናገረው ረግረግ ሲጠነፈፍ ከአፈሩ ስለሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጉዳዩ የአየር ንብረት ብቻ ሳይሆን የእንጀራም መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እኔ የማስታወቂያ ሠራተኛ እንጂ የአፈር ሊቅ አይደለሁም። ስለሆነም ሁላችንም ከምናውቀው ልነሣ። እዚህ ሾላ ገበያ በበዓል ዋዜማ ቄጠማ ተከምሮ ይሸጣል። ቄጠማ የሚበቅለው ውኃ በተኛበት ነው። ከአጫጅ የተረፈው ግንድና ሥር ወድቆ በውኃ ውስጥ ይቀበራል። ውኃው አየር እንዳይደርስበት ስለሚከለክል በከፊል ብቻ ይበሰብሳል። በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየተደራረበ በብዙ መቶና ሺህ ዓመታት ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆናል። ባለሙያዎች ኦርጋኒክ አፈር ይሉታል።

ይህን አፈር ከመረሬ ጋር ማሳሳት አይገባም። መረሬ ከባድ ሸክላ ነው፤ ትርፍ ውኃው ቢጠነፈፍለት ስንዴውም ጤፉም ያምርበታል። ኦርጋኒክ አፈር ግን የዕፀዋት ቅሪት ነው። በእጅ ሲጨመቅ ቡናማ ውኃና ጭረት ይወጣዋል፤ ሲደርቅ ቀላል ነው፤ እሳት ሲነካውም ይነድዳል። ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ሲሸሽ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በዓይን የማይታዩ ሕዋሳትም ለዘመናት የተከማቸውን ቅሪት መብላት ይጀምራሉ። ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ መሬቱም በዚያው ልክ ይሰምጣል። ይህ ጢስ የሌለው ቃጠሎ ነው።

መጠኑን በአኃዝ እንመልከት። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የረግረግ መመሪያ፣ በሐሩር ክልል ተጠንፍፎ ከሚታረስ አንድ ሄክታር ኦርጋኒክ አፈር በዓመት 14 ቶን ካርቦን እንደሚወጣ ይገመታል። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ 51 ቶን ያህል ነው። በደጋ ቅዝቃዜ መጠኑ ሊያንስ ይችላል። ሆኖም 51 ቶን ማለት 19,000 ሊትር ያህል ናፍጣ ማቃጠል ነው። 100 ኪሎ ሜትር በ40 ሊትር የሚጓዝ የዕህል መኪና በዚህ ነዳጅ ከአዲስ አበባ መቱ 40 ጊዜ ያህል ደርሶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሄክታር፣ በአንድ ዓመት፣ ማንም ሳያየው የሚሆን ነው።

በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ከጠቅላላው መሬት አንጻር ጥቂት ነው። የምግብና የእርሻ ድርጅት ለየአገሩ የሚያወጣው ግምት የአፈር ካርታንና የሳተላይት መረጃን በማነጻጸር የሚሰላ እንጂ በየሸለቆው ተወርዶ የሚለካ አይደለም። በመሆኑም በጠባብ ሸለቆ የተኛ ረግረግ ከካርታው ሊያመልጥ ይችላል። ከካርታው ያመለጠው ረግረግ ግን ለአካባቢው ሕዝብ ምንጩ፣ የጎጆው ክዳንና የበጋ ግጦሹ ነው።

ለምሳሌ ኢሉባቦርን እንውሰድ። ገበሬው ረግረግን ማረስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቦይ ቀዶ በበጋ በቆሎ ይዘራል፤ እህሉም የደጋው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ወር ይደርስለታል። ይህ በረኀብ ላይ የተገኘ ጥበብ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ጥበቡ ግን ልጓም ነበረው። የረግረጉ ራስ ሳይታረስ ከነጨፌው ይቀራል፤ ቦዩም ከመኸር በኋላ ይደፈናል። በየአካባቢው «አባ ለጋ» የሚባሉ ሽማግሌዎችም ሥራውን ያስተባብራሉ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ 600,000 ያህል ሰው ተወሰደ። በዚያው ዘመን በምግብ ራስን ለመቻል ሲባል ረግረግ እንዲጠነፈፍ ከላይ ግፊት ይደረግ ነበር። ከደረቅ ተዳፋት የመጣ ሰው የረግረግን ጠባይ አላደገበትም፤ የሚነግረው ሹምም አልነበረውም። ጥልቅ ቦይ የተቆረጠበትና ከብት የተለቀቀበት ረግረግ መጀመሪያ መልካም ምርት ይሰጣል፤ ኋላ ግን ይጠጥራል፣ ይደርቃል። ውኃ ሲወስድ እያሣሣቀ ነው እንደሚባለው ነው።

ሌላው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በማዕከላዊ ካሊማንታን አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚደርስ ረግረግ የሩዝ ማሳ ለማድረግ ሺህ ኪሎ ሜትሮች የሚለካ ቦይ ቆፈረች፤ ሠፋሪም አመጣች። ሩዙ አልሆነም። የደረቀው አፈር ግን እ.ኤ.አ. በ1997 በእሳት ተያይዞ ጢሱ ጎረቤት አገሮችን ሸፈነ።

ቦይም ሳይቆፈር ረግረግ ሊደርቅ ይችላል። ከዚህ ከየካ ቀና ብለን የምናየው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተማዋን ከማገዶ እጦት ያዳነ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ይህ ዛፍ ውኃ ጠጪ በመሆኑ በሌላ አገር ረግረግ ለማድረቅ ሆን ተብሎ ተተክሏል። በሠፈራ ጣቢያ ለአጥርና ለማገዶ ተብሎ በረግረግ ዳር ሲተከል የቦይን ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ ለኃላፊዎችና ለሠራተኞች የማሳስበው የሚከተለው ነው።

1. ሠፋሪ ከመድረሱ በፊት የሸለቆው አፈር ተቆፍሮ ዓይነቱና ጥልቀቱ ይታወቅ። ኦርጋኒክ ከሆነ ለእርሻ አይደልደል።

2. አስቀድሞ የሚታረስ ከሆነ ቦዩ ጥልቀት አይኑረው፤ ከመኸር በኋላ ይደፈን፤ የረግረጉ ራስ ከነቄጠማው ይቆይ፤ ከብትም አይለቀቅበት።

3. በረግረግ ዳር ባሕር ዛፍ አይተከል።

4. በየሪፖርታችን የታረሰው ሄክታር ብቻ ሳይሆን የተጠነፈፈው ሄክታርና የውኃው ከፍታ ይመዝገብ።

5. የአገሬው ሽማግሌዎች ከሠፋሪው ጋር ተቀምጠው ያስተምሩ።

የተራበን ሰው «ረግረጉን አትንካ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ምትክ መሬት፣ ዘርና በሬ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ወጪ አለው። ነገር ግን በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር የሚያድግ አፈር አንዱ ሳንቲ ሜትር ሲጠፋ የጠፋው የአሥር ዓመት ክምችት ነው። ምንጩም አብሮ ከጠፋ ከድርቅ አውጥተን ያሠፈርነውን ወገን እኛው በሠራነው ድርቅ ውስጥ መልሰን እናገኘዋለን። ያን ጊዜ የሚላክለት መኪና ዕህል ሊያደርስለት ይችላል፤ አፈሩን ግን አይመልስለትም።