መጀመሪያ ያንብብ፣ ከዚያ ይጻፍ



ስለ ሕክምናና ቴክኖሎጂ ተናገሪ ስባል ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማወራ ሳይመስላችሁ አይቀርም። እኔ ግን ያመጣሁት የአንድ አሮጌ ማሽን ጉዳይ ነው።

አሜሪካ በምሠራበት ሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ ዛሬም ሜይንፍሬም በሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። የሚከፈተውም አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው የ3270 ተርሚናል ዓይነት ነው፤ ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ 24 መስመር በ80 ፊደል። ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ባዶ ቦታዎቹን በታብ እየዘለለች ትሞላለች፤ ኢንተር ስትጫን የሞላችው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሄዳል። መልስ እስኪመጣ ኪቦርዱ ይቆለፋል።

የመድኃኒት አለርጂ መረጃ ከሌላ ዝርዝር ወደዚህ መዝገብ ማዛወር ሲያስፈልግ፣ አንድ በአንድ መተየቡ ሰው ጨረሰ። ስለዚህ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ኤስ3270 በሚባል ነጻ ፕሮግራም ስክሪፕት አዘጋጁ። ፕሮግራሙ መስኮት ሳይከፍት እንደ ተርሚናል ሆኖ ይገናኛል፤ የሚታዘዘውም በጽሑፍ ነው፦ ይህን ጻፍ፣ ኢንተር ተጫን፣ ጠብቅ፣ ከዚህ መስመር ይህን ያህል ፊደል አንብብ።

እኔ የተጠራሁት የሕክምናውን ጎን እንዳይ ነበር። ዓይኔ ያረፈው «አንብብ» የሚለው ላይ ነው። ስክሪፕት ካላዘዙት አያይም። መሐል ላይ ያልታሰበ ስክሪን ቢመጣበት እንኳ መጻፉን ሊቀጥል ይችላል። ያኔ የአንዷ የፔኒሲሊን አለርጂ በሌላ ሰው ካርድ ላይ ያርፋል፤ እሷ ደግሞ አለርጂ የሌላት ሆና ፔኒሲሊን ይታዘዝላታል።

«ስምና የልደት ቀን ይመሳከር፣ ይበቃል» ተባለ። አይበቃም አልኩ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ ከበደና ተስፋዬ ደግሞ ሞልቷል። በዚያ ላይ በስደት ከመጣው ሰው ብዙው፣ ትክክለኛ ቀኑ ስላልታወቀ፣ በወረቀት የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። ሁለት ሰዎች በስምም በልደት ቀንም ሊገጥሙ ይችላሉ።

ስለዚህ ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት የስክሪኑን ርዕስ፣ የካርድ ቁጥሩን፣ ስሙንና የልደት ቀኑን እንዲያነብ ተደረገ። አንዱ እንኳ ካልገጠመ ምንም ሳይጽፍ ይወጣል፤ ካርዱን ሰው ያየዋል። ከጻፈም በኋላ ያንኑ ካርድ እንደገና ከፍቶ የጻፈውን ያነባል። ሥራው ትንሽ ዘገየ፤ ይዘግይ። እኛስ ደም ከመስጠታችን በፊት ከረጢቱንና የታካሚውን የእጅ መለያ ለሁለት ሆነን እናነብ የለም እንዴ?

አገር ቤት ያላችሁም፣ ውጭ ያላችሁም፣ ነገ አንድ ባለሙያ መጥቶ «ይህ ፕሮግራም በራሱ ይሞላላችኋል» ሲላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ከመጻፉ በፊት ምን ያነባል? ካልገጠመለትስ ምን ያደርጋል? ይህን ለመጠየቅ ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አያስፈልግም። ታካሚውን የምናውቀው እኛ ነንና ጥያቄውም የእኛ ነው።