የመያዝ ጥበብ፦ ከጋፋት እስከ ሞርሳችን



ከደብረ ታቦር ጥቂት ርቀት ላይ በምትገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን ባለሙያዎችና የአገራችን ሠራተኞች በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ቀልጦ በፈሰሰ ብረታ ብረት ሠሩ። አካሏ አንድ ወጥ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የገጠማቸው የእንግሊዝ እግረኛ ግን ስናይደር፣ በእኛ አጠራር ሰናድር፣ ይዞ ነበር። ይህ ጠመንጃ ከአፉ ይጎረስ ከነበረው ኤንፊልድ የተለወጠ ነው፤ የቱቦው የኋላ ጫፍ ተቆርጦ፣ የመዝጊያው ቤት በጥርስ ተጠምዝዞ ተገጥሞበታል። ጥንካሬው የተመሠረተው በመጋጠሚያው ላይ ነው።

የዛሬ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለውን መጋጠሚያ ስናጠብቅ ቱቦውን የት እንይዛለን?

ሕጉ ቀላል ነው። በ40 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 200 ኒውተን ብንጫን፣ 80 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል እናሳርፋለን። ይህ ኃይል በመፍቻውና በሞርሳው መካከል ባለው ክፍል ሁሉ ሳይቀንስ ያልፋል። በመካከሉ ደካማ ነገር ካለ፣ ሙሉውን ሸክም የሚቀበለው እርሱ ነው። በቱቦው አፍ ላይ አንድ ክፍል ለማጥበቅ የመዝጊያውን ቤት ብንይዝ፣ ኃይሉ ቱቦውን ሁሉ አቋርጦ የኋላውን መጋጠሚያ ይፈትናል፤ ቱቦውን በቦታው የምታጸና ትንሽ ፒን ካለች ትጎዳለች፣ ቱቦውም ከመስመሩ ይዞራል። ስለዚህ የሚያዘው ቱቦው ራሱ ነው፤ ያውም ከሚጠበቀው ጥርስ አጠገብ።

አያያዙም ጥንቃቄ ይሻል። ክብ ነገር በጠፍጣፋ የሞርሳ ከንፈር ላይ በሁለት መስመር ብቻ ይነካል፤ ቢላላ ይንሸራተታል፣ ቢጠብቅ ይጨፈለቃል። በቱቦው ልክ የተቦረቦረ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም መያዣ ግን ጭነቱን በዙሪያው ያከፋፍላል።

ወጣት ሳለሁ፣ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ የውሃ ቱቦን በሩቅ ጫፉ ይዤ ቧንቧ ሳጠብቅ፣ የጠበቀው ቧንቧው ሳይሆን የዞረው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው መጋጠሚያ ነበር። ፍንጣቂው የታየው ከሳምንት በኋላ ነው። በውሃ ቱቦ ጥፋቱ ግድግዳን ያረጥባል፤ በጠመንጃ ግን የተኳሹ ፊት ከመጋጠሚያው አጠገብ ነው።

ተማሪዎቼ፣ መፍቻውን ከማንሳታችሁ በፊት ኃይሉ በየት አልፎ የት እንደሚያርፍ በጣታችሁ ተከተሉት። የጋፋት ሠራተኞች መጋጠሚያ የሌለው አካል ሠሩ፤ የእኛ ዘመን ሥራ ግን መጋጠሚያ የበዛበት ነው።