ምድር ስትንቀጠቀጥ፦ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሐብሩ አድማጮች የቀረበ ንግግር

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ዛሬም ደብተራችሁን ይዛችሁ በየጣቢያው የተሰበሰባችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው።

ከውጫሌ ቁልቁል ወርዶ በውርጌሳና በመርሳ በኩል ወልድያ የሚያደርሰውን መንገድ ታውቁታላችሁ። በስተምዕራብ ቀና ቢሉ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተምሥራቅ የሐብሩ ቆላ ወደ አፋር ይወርዳል። ይህን ግድግዳ የሠራው ጎርፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሬቱ በረጅም ዘመን ተሰንጥቆ፣ የአፋር ወገን ስለ ሰመጠ ነው። ከቆቦ እስከ ቦርከና በደጋው ሥር ከምናያቸው ለጥ ያሉ ሜዳዎች አብዛኞቹ በስንጥቆች መካከል ዝቅ ብለው የቀሩ ናቸው።

ለመሆኑ መሬት ለምን ይሰነጠቃል? የምንረግጠው ምድር አንድ ወጥ አይደለም፤ በታላላቅ የድንጋይ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ንጣፎች የሚገናኙት በአፋር ነው። ሦስቱም ቀስ እያሉ ይራራቃሉ። የሶማሊያው ንጣፍ በዓመት የሚርቀው ከአንድ የማሽላ ፍሬ ስፋት ብዙ አይበልጥም። የዓረቢያው ግን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እርጥብ እንጨት ይዛችሁ ቀስ በቀስ ብታጎብጡት፣ ችሎ ችሎ በመጨረሻ ቀጭ ይላል፤ እጃችሁንም ያነዝረዋል። ከመሬት በታች ያለው ድንጋይም እንዲሁ ነው። ሲሰበር የሚመጣው ንዝረት የመሬት መንቀጥቀጥ ይባላል።

ይህ ደግሞ በአገራችን የታየ ነገር ነው። በ1953 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ፣ ከእኛ በስተደቡብ በዚሁ በደጋው ጠርዝ፣ ማጀቴ ከተማ ፈረሰች። በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ዋናው የመኪና መንገድ ተሰነጠቀ፤ ድንጋይ ተንዶም ዘጋው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈረሰች፤ ሰውም ሞተ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ በኩል የቀለጠ ድንጋይ ከሥር ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ለወራት ተንቀጠቀጠ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ።

ታዲያ ምን ይሻላል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የመሬትን ንዝረት በመሣሪያ ይመዘግባሉ። ነገር ግን ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር ሰው በዓለም ላይ የለም። «ዛሬ ማታ ይመጣል» የሚል ወሬ ብትሰሙ አትሸበሩ። ይልቅስ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚገድለው መሬቱ አይደለም፤ የሚናደው ግድግዳ ነው። መሬቱን ማስቆም አንችልም። ግድግዳውን የምንሠራው ግን እኛው ነን።

የእንጨትና የጭቃ ቤት ምሰሶው ምስጥ ካልበላው፣ ማገሩም በደንብ ከታሰረ፣ ሲናወጥ መወዛወዝ ይችላል። በጭቃ ብቻ የተካበ የድንጋይ ግድግዳ ግን ቶሎ ይናዳል። ዛሬ በወልድያም በመርሳም የብሎኬትና የፎቅ ቤት በዝቷል። መልካም ነው፤ ግን ጥንካሬው በመልኩ አይታወቅም። ስለዚህ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፦

1ኛ፤ ከሚናድ ገደል ሥር፣ ከወንዝ አፋፍና ገና ካልጠነከረ ድልድል ላይ ራቁ።

2ኛ፤ የግድግዳው ማዕዘኖች እርስ በርስ ይቆላለፉ። ግንበኞች ቢም የሚሉት የፌሮና የሲሚንቶ መቀነት ቤቱን ዙሪያውን ይሰረው።

3ኛ፤ ከፌሮና ከሲሚንቶ አትቀንሱ። ፎቅ ከሆነ ያለ መሐንዲስ አትጀምሩ። አገሪቱ ለመሬት መንቀጥቀጥ የወጣ የሕንፃ ደንብ አላት፤ ተቆጣጣሪው ይህን መጠየቅ አለበት።

ንዝረቱ ሲመጣ በፎቅ ቤት ያላችሁ ወደ ደረጃ አትሩጡ። ከመስኮት ራቁና ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ራሳችሁን ሸፍኑ። ውጭ ያላችሁ ከግንብ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከገደል ራቁ። ሲያበቃ የምድጃውን እሳት አጥፉ። ተከታይ ንዝረት ስለሚኖር ወደ ተሰነጠቀ ቤት አትመለሱ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። «ምሰሶ»፣ «ማገር»፣ «መቀነት» ብላችሁ ጻፉ። ቀጥሎም እንዲህ ተወያዩ፦ ከመንደራችን የማን ቤት ግድግዳ ተሰንጥቋል? አቅም ለሌላቸው አረጋውያንስ ምሰሶ የሚተካላቸው ማነው? መልሱን ጻፉት፤ ጽፋችሁም አትተዉት፣ ቀን ቁረጡለት።

ለዛሬ በዚሁ እናብቃ። ደህና ሁኑ።