ባለ ጎማ ቤት የሚጎትት መኪና ስለ መምረጥ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ራቅ ያለ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን በአሜሪካ አገር ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። የእኔም የአክስቴ ልጅ በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከተማ ይኖራል። እርሱም በቅርቡ ደውሎ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር በተራራው አገር ለመሰንበት ትንሽ ባለ ጎማ ቤት መግዛቱን፣ አሁን ደግሞ ይህን ቤት የሚጎትት ፒክ አፕ መኪና ለመግዛት ማሰቡን ነገረኝ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም መደመርና መቀነስ አውቃለሁና ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ።

ሻጩ፣ «ይህ መኪና ሦስት ቶን ይጎትታል፤ የእርስዎ ቤት ግን ተሞልቶ እንኳ አንድ ቶን ተኩል ነው፤ ታዲያ ምን ያሰጋዎታል?» ብሎታል። ሻጩ አልዋሸም። ነገር ግን ሦስት ቶን የሚለው ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ መመርመር ያስፈልጋል። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ይህ ቁጥር ሲወሰን በመኪናው ውስጥ አሉ ተብለው የሚታሰቡት ነጂውና አንድ ተሳፋሪ ብቻ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸውም ክብደት 68 ኪሎ ነው። የዳገቱም ፈተና የተመሠረተው በአሪዞና ግዛት በሚገኘው፣ 18 ኪሎሜትር ያህል በሚረዝመው በዴቪስ ዳም ዳገት ነው። የዚህ ዳገት ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር አያልፍም። የአክስቴ ልጅ የሚሻገርበት የአይዘንሃወር ዋሻ ግን 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ይህም ከእንጦጦ ይበልጣል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ዐሥር በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ መኪናው ከዋሻው ደጃፍ ሲደርስ ሲሦ ያህል ጉልበቱ ጎድሎበታል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የሞተር መድከም መንገደኛውን ቢያዘገየው ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው የጭነቱ ነገር ነው። በነጂው በር መቃን ላይ ሰዎችና ዕቃ በአንድነት ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለባቸው የሚናገር ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ መኪና ላይ የተጻፈው 500 ኪሎ ነበር። ተሳቢው በጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ሸክም ደግሞ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ ዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት እጅ መሆን አለበት፤ ለአንድ ቶን ተኩል 190 ኪሎ ያህል እንበል። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አያታቸው ባንድነት 330 ኪሎ ይሆናሉ። ስንቁ፣ መኝታውና አክስቴ ያለ እርሱ ከቤት የማይወጡት የቡና ዕቃ 60 ኪሎ ቢሆን፣ ድምሩ 580 ኪሎ ነው። እንግዲህ የመጎተት ኃይሉ ገና እኩሌታው ሳይነካ፣ የመሸከም ኃይሉ በ80 ኪሎ አልፏል።

ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ፣ «እንዲያ ከሆነ ዕቃውን ሁሉ ከባለ ጎማው ቤት በስተኋላ ጠቅጥቄ ጋንቾውን አቀልለዋለሁ» አለኝ። በዚህ ጊዜ ነው እኔ በእውነት የደነገጥሁት። የፊቱ ሸክም ከመጠን በታች ከቀለለ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መወዛወዙም ከበረታ መኪናውን ጭምር ይገለብጠዋል። እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም የመኪናውን ፍሬን በድንገት መርገጥ አይገባም፤ ነዳጁን ለቅቆ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ይሻላል። ለዚህም በነጂው አጠገብ የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ መኖር አለበት። በብዙዎቹ ግዛቶች ከ1,360 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ከዋሻው በታች ያለው ቁልቁለት ረጅም ስለ ሆነ፣ ከመውረድ በፊት ማርሹን ማክበድ ያስፈልጋል፤ በዓባይ በረሃ የወረደ ነጂ የፍሬን ሸራ ሽታ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

ስለ ቀለሙና ስለ ወንበሩ ቆዳ አልናገርም፤ ብቻ እንዲህ ያለው ጌጥ ሁሉ ክብደት ስላለው በበሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይቀንሳል። ሁለት መኪናዎች በስምና በዓመተ ምሕረት አንድ ሆነው ሳለ፣ ያጌጠው ካላጌጠው ብዙ ኪሎ ያነሰ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የማስታወቂያውን ወረቀት ሳይሆን የሚገዛውን የዚያኑ መኪና በር ከፍቶ ማንበብ ነው።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ትንሹን መኪና ትቶ፣ በበሩ ላይ 760 ኪሎ የተጻፈበትን ያላጌጠ ትልቅ ፒክ አፕ ገዛ። ቤተ ሰቡን አሳፍሮ፣ ባለ ጎማውን ቤት አያይዞ በከባድ መኪናዎች ሚዛን ላይ ሲያቆም፣ አክስቴ ከመኪናው አልወርድም ብለው ነበር፤ «እኔንም ልትመዝነኝ ነው ወይ?» አሉት። እርሱም፣ «አዎን እማዬ፣ ከነረከቦቱ» አላቸው።