በብርድ ወራት በብስክሌት ወደ እንጦጦ ስንወጣ ስለ አለባበሳችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር ስለ ቀብርና ስለ ለቅሶ እንጂ ስለ ብስክሌት ምን አገባው የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ኮሚቴው ይህን ጥቂት ደቂቃ ሲሰጠን እኛም ራሳችን ይህንኑ ተባብለን ነበር። ነገሩን ያመጣው ያለፈው ዓመት የታኅሣሥ ወር ነው።

እንደምታውቁን ቅዳሜ ጧት 12 ሰዓት ላይ ከጳውሎስ ተነሥተን፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን፣ አንዳንዴ በጐጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ፣ አንዳንዴም በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ እንወጣለን። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ልጆቻችሁም ብስክሌት እየያዙ ተከትለውናል። ከመካከላችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ እንደ ተወዳደሩት እንደ ገረመው ደንቦባ የሚሆን የለም፤ ለጤናና ለጨዋታ ብለን ነው።

ያን ቀን ከልጆቻችን አንዱ ከነጠላ የጥጥ ካናቴራው በቀር ሌላ አልደረበም። ስሙን አናነሣም፤ እናቱ እዚሁ ተቀምጠዋል። ዳገቱን ሲወጣ ላብ በላብ ሆነ፣ ደስም አለው። ጫፍ ላይ ደርሰን ዳቦ በሻይ እየበላን ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወትን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ካናቴራው ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጣቶቹ ደንዝዘው ፍሬን መጨበጥ አቃተው። ከፊት ለፊት የጭነት መኪና ሲመጣ ያየው ልጅ ብስክሌቱን ወደ ቦዩ ወርውሮ ራሱን አዳነ። የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል። ጥሩምባችን ሳይነፋ የቀረው ለጥቂት ነው። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ጧት ሲመጣ ልብሱን አይተን ዝም ያልነው እኛ ታላላቆቹ ነን።

እንግዲህ ምን ተማርን? የአዲስ አበባ ብርድ የሚብሰው በክረምት ዝናብ ሳይሆን፣ ሰማይ ጠርቶ በሚያድርበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የምድሩን ሙቀት የሚይዝ ደመና የለማ! የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ግድም ነው፤ ከሰፈራችን ስድስት ሰባት መቶ ሜትር ይበልጣል። አንድ ሺህ ሜትር ሲወጡ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ እኛ ዘንድ 9 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 5 ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ሲበሩ ነፋሱ ሲታከል፣ ገላ የሚሰማው ብርድ ውኃ የሚረጋበት 0 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ሃያ አምስት ጊዜ ያህል አፍጥኖ ይወስዳል። ስለዚህ የረጠበ ካናቴራ ለብሶ መውረድ ራቁት ከመውረድ ብዙም አይሻልም።

ጋቢያችን የሚያሞቀን ጥጡ ሙቀት ኖሮት ሳይሆን፣ በአራቱ እጥፍ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ሲረጥብ ግን ያ አየር ይጠፋል። የመንዝ እረኛ ደጋ ላይ የበግ ጠጉር ባናና በርኖስ የሚደርበው አለምክንያት አይደለም፤ የበግ ጠጉር ቢረጥብም ጨርሶ አይከዳም። በብስክሌት ላይ በርኖስ ይለበስ አንልም፣ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቀጠን ያለ የሱፍ ሹራብ ገላ ላይ፣ ከላዩ ሌላ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይበቃል። መርካቶ ሳልቫጅ ተራ በደህና ዋጋ ይገኛል። ሻጩ ሁሉንም «ንጹሕ ሱፍ ነው» ይላል፤ እናንተ ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙና ዘወር ብላችሁ አቃጥሉት። እንደ ጠጉር ከሸተተና ዐመድ ከሆነ ሱፍ ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ከቀለጠ ተዉት።

ዋናው ነገር ግን አወጣጡ ነው። ሲነሡ ትንሽ ብርድ ይሰማ። ላብ ሳይጀምር አንዱን አውልቆ ማሰር፣ ጫፍ ላይ እንደ ደረሱ ሻይ ከማዘዝ በፊት የረጠበውን በደረቅ መለወጥ ነው። እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶቻችን ሲያርፉ አስቀድመው ነጠላቸውን የሚከናነቡትን ልብ ብላችኋል? እኛ ይህን ከነሱ ሳንማር ስንት ጊዜ አለፍናቸው!

ገንዘብ ለሌለው፣ የድሮ የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች ተራራ ጫፍ ላይ ጋዜጣ ደረታቸው ውስጥ ይከቱ ነበር። እኛም በአሮጌ አዲስ ዘመን ሞክረነዋል፣ ነፋስ ያስቀራል፤ ቀለሙ ካናቴራ ላይ መታተሙ ነው ክፋቱ። ስለ እግር ብዙ አንልም፣ የሚሠራ እግር ይሞቃል፤ ጫማ ውስጥ በካልሲ ላይ ፌስታል ማጥለቅ ይበቃዋል። ጓንት ግን ፍሬን የሚይዘው እጅ ስለሆነ የግድ ነው።

ሰው ብርድ ሲመታው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ተሻለው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ያኔ ነው ወደ ሐኪም የሚሮጠው። እስከዚያው የረጠበውን አውልቆ በደረቅ መጠቅለል፣ ጣቱን በብብት ማሞቅ እንጂ እሳት ላይ መያዝ አይገባም፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አያውቅም። አረቄም አትስጡት። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳው አውጥቶ የሞቀው ያስመስለዋል፣ የውስጡን ሙቀት ግን ያባክንበታል። ይህ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ለምታድሩ አባቶቻችንም ይሠራል፤ ቅር አይበላችሁ።

አሁን የመጣንበትን እንናገር። ከሚከተሉን ልጆች አራቱ ሹራብም ጓንትም የላቸውም፣ አንዷን ጓንት አንድ አንድ እጅ ተካፍለው ሲነዱ አይተናል። በየቤታችሁ የማይለበስ የሱፍ ሹራብ ካለ፣ ቢቀደድም እንጠቅመዋለን፣ እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ ለዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ብታስረክቡልን ተመዝግቦ ይሰጣቸዋል። እኛም በበኩላችን ደረቅ ቅያሪ ያልያዘ ልጅ ከአዲሱ ገበያ እንዳያልፍ ተስማምተናል፤ ቢያለቅስም እንመልሰዋለን፤ እንዳትቀየሙን።